ዝሆን ቆጣሪ በላስታ

ስለዚህ መንገድ ጎሬ ላሉ ዘመዶቼ ስንት ጊዜ በቃል አወራሁ። ባወራሁ ቁጥር ግን አንዱን ቀን ከሌላው እያምታታሁ፣ የወጣሁትን ተራራ ከወረድኩት እየቀላቀልኩ ሰሚውን አደክማለሁ። በየቀኑ ከፍዬ ብጽፈው ይሻላል አልኩ። ላስታን የማየት ዕድል የማይገጥማችሁ እኔ ባየሁት ልክ ታዩታላችሁ። እኔም ያን ሰሞን ብዙውን ነገር ግራ እየገባኝ ነው ያየሁት።

ሥራዬን ለማያውቅ ልናገር። ከጎሬ ቁልቁል ባለው ቆላ ዝሆን እከተላለሁ። አልገድልም፣ አላባርርም፤ አያለሁ፣ እጽፋለሁ። ሥራውን የጀመሩት አንድ የውጭ አገር ተመራማሪ ነበሩ። ከአብዮቱ በኋላ እሳቸው ወደ አገራቸው ገቡ፣ እኔ መነጽራቸውንና አንድ ጥቁር ሽፋን ያለው መዝገብ ተረክቤ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት አንድ የዝሆን ቤተሰብ ተከትያለሁ። መሪያቸው አሮጊት ናት፤ ግራ ጆሮዋ ተተልትሏል፤ እመት ብዬ እጠራታለሁ። ማን ከማን እንደተወለደ፣ የትኛው እንደሞተ፣ ዝናብ ሲጀምር በየት በኩል ወንዙን እንደሚሻገሩ ሁሉ በዚያ መዝገብ ነበረ።

በሰፈራው ጊዜ ከወሎ የመጡት ሰዎች መንደራቸው የተሠራው እዚያው የዝሆኖቹ መንገድ ዳር ነው። ከነሱ መካከል መሪጌታ ክንፈ የሚባሉ የላስታ ሰው ነበሩ። ስንዴ ይታደላል ሲባል ወጥተው በዚያው ተጭነው የመጡ ናቸው። ቁም ጽሕፈታቸው ያምር ነበርና እየወሰድኩ ዝሆኖቹን አንድ በአንድ አስተዋወቅኋቸው። ወባ ጥሎኝ ሦስት ወር ሆስፒታል ስተኛ መዝገቡን ለእሳቸው አደራ ሰጠሁ። ድኜ ስመለስ መሪጌታም የሉ፣ መዝገቡም የለ። በእግራቸው ወደ አገራቸው ጠፉ አሉኝ።

ዓመት ሊሞላ ሲል አለቃዬ ጠሩኝ። ዝናቡ ሳይጀምር የእርሻ ትራክተር በዝሆኖቹ መንገድ ላይ ሊገባ ነው። «መንገዱ ያ መሆኑን በጽሑፍ ካሳየኸኝ ካርታው ላይ አስቀርልሃለሁ፤ ካላሳየኸኝ አፌን ይዤ እቀመጣለሁ» አሉኝ። የይለፍ ወረቀት ጻፉልኝ። የሦስት ሳምንት ፈቃድ ነበረኝ።

ማክሰኞ። ከጎሬ በአውቶቡስ ወጣሁ። እስከ ጅማ ጫካው ከሁለቱም ወገን መስኮቱን እየዳሰሰ ሸኘኝ። ረቡዕ አዲስ አበባ፣ ሐሙስ ደሴ አደርኩ። እነዚህን ከተሞች ታውቋቸዋላችሁና አልፋቸዋለሁ።

ዓርብ። ከደሴ ወደ ወልድያ ስንሄድ በአንዲት የመንገድ ዳር ከተማ ኬላ ላይ አስወረዱን። ጠመንጃ የያዘው ሰው ወረቀቴን ገልብጦ አየና «ሥራ?» አለኝ።

«የዱር አራዊት ተመልካች። ዝሆን ነው የምቆጥር።»

«ላሊበላ ዝሆን አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ዝሆን ቆጣሪ ዝሆን በሌለበት ምን ይቆጥራል?»

እውነቱን ብናገር መሪጌታን ማስያዜ ነው፤ ከሰፈራ የጠፋ ሰው ይፈለጋል። ውሸት አላዘጋጀሁም። «ልሳለም ነው» አልኩ። አውቶቡሱ ጥሎኝ ሄደ። ኬላው አጠገብ ሻይ የምትሸጥ አንዲት ሙስሊም ሴት ሁሉን ስትሰማ ነበርና በርጩማ አውጥታ አስቀመጠችኝ። «አብሽር፣ እዚህ ቦታ ያልቆመ ሰው የለም» አለችና ትኩስ ቂጣ በሚጥሚጣ አቀረበችልኝ። ከሰዓት በኋላ ሰውዬው ራሱ ሰለቸውና የእህል መኪና አስቁሞ ጫነኝ። ሾፌሩን «ይሄ ዝሆን ቆጣሪ ነው» ብሎ አስተዋወቀኝ። እስከ ላሊበላ ስሜ ይኸው ሆነ።

ቅዳሜ። ከወልድያ ዳገቱን ስንያያዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራሁ። እኛ ዘንድ ዛፉ ሰማይ ይጋርዳል፤ እዚህ ሰማዩ ብቻ ነው ያለው። መሬቱ ተገልጦ አጥንቱ ይታያል። እንደ መሰላል በተደረደረው እርከን ላይ ሰዎች ድንጋይ ይለቅማሉ፤ ድንጋዩን ከእርሻው የሚያወጡት ይሁን ወደ እርሻው የሚያስገቡት መለየት አቃተኝ። ሾፌሩን ብጠይቀው «ሁለቱንም» አለኝ።

ላሊበላ ሲመሽ ደረስን። ሾፌሩ እትዬ ዘነቡ ከሚባሉ ባልቴት ዘንድ አሳደረኝ። ቤታቸው ክብ የድንጋይ ደርብ ነው፤ ከብቱ ከታች፣ ሰው ከላይ። ሁዳዴ ነበርና የገብስ እንጀራ በተልባ በላሁ። የእኛ ጎደሬ በዐይኔ ዞረ፤ ለእንግድነቴ ግን ዝም ብዬ አጣጣምኩ። እትዬ ዘነቡ ቡሉኳቸውን አልብሰውኝ «ምን እግር ጣለህ ልጄ?» ሲሉኝ ደፈር ብዬ «መሪጌታ ክንፈን ፍለጋ» አልኩ።

ፊታቸው አልተለወጠም። እሳቱን ቆሰቆሱና «ተራራው ላይ፣ አሸተን ማርያም ሳይሆኑ አይቀሩም» አሉ።

እሑድ። ቅዳሴ አስቀደስኩ። ቤተ ክርስቲያኑን እንዴት ልንገራችሁ? እኛ ቤት የምንሠራው ከመሬት ወደ ላይ ነው፤ እዚህ ወደ መሬት ወርደው ነው ቤት የሠሩት። ጣሪያው ከእግሬ እኩል ነበር። በሩን ፍለጋ ዙሪያውን ሁለቴ ዞርኩ፤ አንዲት አሮጊት በዋሻው መንገድ እጄን ይዘው አስገቡኝ።

ሰኞ። አሸተን ማርያም ወጣሁ። እኩሌታው ዳገት ላይ የጫማዬ ሶል ተገነጠለ። አንድ ገበሬ ከእርሻው ወጥቶ በጠፍር ሊሰፋልኝ ሞከረ፤ እምቢ ሲለው የራሱን በረባሶ አውልቆ ሰጠኝ። «አንተስ?» ስለው «እግሬ መንገዱን ያውቀዋል» አለ። በሰው ጫማ እያነከስኩ ከላይ ደረስኩ። አንድ መነኩሴ ቆሎና ውኃ ሰጡኝ፤ አሳርፈውም ደግነታቸውን ካሳዩኝ በኋላ «መሪጌታ ክንፈ? ጎንደር ለዝማሜ ትምህርት ሄደዋል፣ ለፋሲካ እንኳ አይመለሱም» አሉ። ስወርድ ያው ገበሬ ተቀብሎ ወሬዬን ሰማና «ጎንደር? ኧረ ነአኩቶ ለአብ ዋሻ ናቸው» አለኝ። ጫማውን ስመልስለት አልቀበልም አለ።

ማክሰኞ። ነአኩቶ ለአብ ደረስኩ። ከዋሻው ጣሪያ ጸበሉ ጠብ ጠብ ይላል፤ ዙሪያውን ሰው ተኮልኩሎ ይጠብቃል። አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀምጠው ከበሷቸው አካፈሉኝ። ጥያቄዬን ስነግራቸው ተነሥተው መሩኝ፤ ከግቢው ውጭ አንድ የድንጋይ ክምር አሳዩኝና «መሪጌታ ክንፈ እዚህ ናቸው፤ ነፍስ ይማር» አሉ።

ሽማግሌው አብረውኝ ቆመው «እግዚአብሔር ያጽናህ» አሉኝ፤ ዐይናቸውን አየሁት፣ የሚዋሽ ዐይን አይመስልም። ታዲያ ትናንት ጎንደር ሄደዋል የተባሉት ማን ናቸው? እትዬ ዘነቡስ ለምን አሸተን ላኩኝ? እኔ ዱካ አነባለሁ ብዬ የምኮራ ሰው ነኝ፤ ዝሆን ከትናንት ወዲያ ያለፈበትን ሣር አይቼ ስንት እንደነበሩ እናገራለሁ። እዚህ አገር ግን ሁሉም እያበላ ይሸኘኛል፣ የሸኘኝ ቦታ ሁሉ ባዶ ነው።

ረቡዕ እና ሐሙስ። ወባዬ ተነሣብኝ። በቆላ ያቃጠለኝ በሽታ በደጋ ብርድ ተከትሎ ያዘኝ። በጠራራ ፀሐይ ቡሉኮ ደርቤ እንቀጠቀጣለሁ። እትዬ ዘነቡ አልተለዩኝም፤ የአጃ ሾርባ በማንኪያ እየጋቱኝ ግንባሬን በእርጥብ ጨርቅ ያብሱ ነበር። ሐሙስ ቀትር ላይ ትኩሳቱ በረድ ሲልልኝ ዐይኔን ብገልጥ እሳቸው ትክ ብለው ያዩኛል።

«እመት ማን ናት?» አሉኝ።

«ምን አልኩ?»

«ስትጮህ ነበር። ‹መንገዱን ልቀቁላት፣ እመት ትለፍ› ትላለህ።»

«ዝሆን ናት፣ እትዬ።»

«ግራ ጆሮዋ የተተለተለው?»

ከመደቡ ተነሥቼ ተቀመጥኩ። እኔና መሪጌታ ብቻ የምናውቀውን ጆሮ ላስታ ያሉ ባልቴት ከየት አወቁት? እትዬ ዘነቡ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ማልቀስ ጀመሩ።

«ወንድሜ እዚያው ሰፈራ ነው የቀረ» አሉ። «መሪጌታ የሞተበትን ቀን ከመዝገቡ አነበቡልኝ። ከእመት በታች ነው የተጻፈው። ‹እመት ከልጆቿ ጋር ወንዙን ተሻገረች› ይላል፣ ከዚያ ወንድሜ። ቀኑ ቢታወቅ ነው ተዝካሩን ያወጣሁ።» ጉንጫቸውን ጠረጉ። «ይቅር በለኝ ልጄ። መሪጌታን ሊይዝ የመጣ ካድሬ መስለኸን ነው። እኔ ነኝ አሸተን የላክሁህ፣ ሰዉንም ያስጠነቀቅሁት።»

ዓርብ። በበቅሎ ወደ ገነተ ማርያም ወሰዱኝ። መሪጌታ ክንፈ እርከን ሲክቡ አገኘናቸው። ሲያዩኝ አልሸሹም። ድንጋዩን አስቀምጠው ቆባቸውን አወለቁ።

«ዳንክ?» አሉኝ።

መንገዱን ሙሉ ስድብ ሳሰናዳ ነበር የመጣሁት፤ «ድኛለሁ» ብቻ አልኩ። መቃብራቸውን እንዳየሁ ብነግራቸው ሳቅ አሉ። «አጎቴ ናቸው። እሳቸውም መሪጌታ ክንፈ ነበሩ። ሽማግሌው አልዋሸህም።»

ቤት ገብተን መዝገቡን በነጭ ሻሽ ተጠቅልሎ እንደ ዳዊት ከተሰቀለበት አወረዱና ጭኔ ላይ አኖሩት። «ያንተ ነው፣ ውሰደው» ብለው ራቅ ብለው ተቀመጡ።

ገለጥኩት። የእኔ ጽሕፈት አለቀና የእሳቸው ጀመረ። እንዲህ ይላል፦ «ሰኞ፣ ጥር ስድስት። እመት ከነቤተሰቧ ከምሥራቅ መጣች። አዲስ ግልገል አየሁ፤ ኩምቢው ገና አይታዘዝለትም፣ ይረግጠዋል።» ከሥሩ ደቀቅ ባለ ፊደል፦ «በዚህ ቀን ወለተ ጊዮርጊስ ዘገነተ ማርያም ዐረፈች።» ገለጥኩ። «ዓርብ፣ ጥር አሥራ ሰባት። ወንዱ ብቻውን አለፈ። በዚህ ቀን የቀኝ ጌታ ታናሽ ልጅ። በዚህ ቀን ደግሞ እናቱ።» እንዲህ እያለ ይሄዳል። ከዝሆኖቹ ሥር ስም የሌለበት ገጽ ፈልጌ አጣሁ።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኩ።

«ሌላ ወረቀት አልነበረኝም። በኋላም ብጠይቅህ ትሰጠኝ ነበር?»

እሰጥ እንደነበር አላውቅም። ዛሬም አላውቅም።

«አንድ ቀን» አሉ መሪጌታ፣ «አንተ ሆስፒታል ሳለህ ግልገሉ ሞተ። እመት ሁለት ቀን ሳትበላ ቆመችበት። ከዚያ ቅርንጫፍ እየሰበረች አለበሰችው፤ ሌሎቹም እንደሷ። እኔ ያን ጠዋት ሦስት ሰው ያለ ፍትሐት ቀብሬ ነበር የመጣሁ፤ ጉልበት ያለው ስላልነበረ ጉድጓዱ እንኳ አልጠለቀም። ቁጭ ብዬ አየኋትና አፈርኩ። ፍትሐት ባልችል ስማቸውን ልጻፍ አልኩ። አገራቸው ያለ ሰው ቀናቸውን ካላወቀ ማን ያስባቸዋል?»

መዝገቡን ብወስድ እነዚህን ስሞች ይዤ መሄዴ ነው፤ አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ ሲገለጥም ማን እንደጻፋቸው ይጠየቃል። ብተወው ትራክተሩ እመትን መንገድ ያሳጣታል። ጭኔ ላይ እንዳለ ቆየ። አላነሣሁትም፣ አልመለስኩትም። በመጨረሻ መሪጌታ ራሳቸው «ለምን አትገለብጠውም?» አሉ። እንዲህ ያለ ቀላል ነገር እኔ አላሰብኩትም ነበር።

ቅዳሜ እና እሑድ። ሰንበት ነውና ብዕር አይነሣም አሉኝ። ፈቃዴ እያለቀ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግን ከየቀበሌው ሰው ይመጣ ጀመር። ዛፉ ሥር ይቀመጣሉ፤ ስም ይናገራሉ፤ መሪጌታ ይገልጣሉ። ሁልጊዜ ከዝሆኑ ነው የሚጀምሩት። ሰዉም ዝሆን አይቶ አያውቅም፤ አንድ አባወራ «የበሬ እጥፍ ይሆናል?» ብሎ ጠየቀኝ። «ይህን ቤት ያህላል» ስለው አላመነኝም፤ የቤቱን ግድግዳ ዞሮ አየው። «እና እንዲህ ያለ ነገር ባለበት ነው ልጄ የሞተች?» አለ። «ዝሆኖቹ አልነኳትም» አልኩት።

ሰኞ እና ማክሰኞ። ከትምህርት ቤቱ የተለመነ ደብተር ላይ መሪጌታ እያነበቡልኝ የዝሆኖቹን ብቻ ጻፍኩ። ስሞቹ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለራሳቸው ያነባሉ፤ እኔ ብዕሬን አንሥቼ እጠብቃለሁ።

ማክሰኞ ከሰዓት ይታይሽ የምትባል ወጣት ሴት መጣች። ከሩቅ ቆላ ሁለት ቀን ተጉዛ ነው። ባሏ ሞላ ይባላል። መሪጌታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ገለጡ፤ ሞላ የለም። እንደገና ገለጡ። የለም።

ወደ እኔ ዞረች። «አንተ እዚያ ነበርክ አሉ። ቀን ስጠኝ።»

«አላየሁትም እቴ።»

«ግድ የለም፣ አንድ ቀን። የትኛውም ቀን ይሁን። ተዝካሩን ላውጣና ልረፍ። ጎረቤት ሁሉ አውጥቷል፣ እኔ ብቻ ነኝ ወይ ሚስት ወይ ባልቴት ሳልሆን የቀረሁ።»

መሪጌታ አዩኝ። ዘጠኝ ዓመት ያላየሁትን ጽፌ አላውቅም። ለዚች ሴት አንድ ቀን መጥራት ምን ያህል ይከብዳል? «ሚካኤል ዕለት» ብል ታርፋለች። ግን በሕይወት ቢኖርስ?

«አላየሁትም» አልኩ ደግሜ።

«እንግዲያ አለ ማለት ነው!» ብላ ጉልበቴ ላይ ወደቀች፣ እየሳመች። አለ አላልኩም። የለምም አላልኩም። እየሮጠች ወደ መንገዷ ስትወርድ መሪጌታ «ምን አደረግህ?» አሉኝ፤ በቁጣ ይሁን በምስጋና አልለየሁትም።

ረቡዕ። እትዬ ዘነቡ ስንቄን በሶ አስረው፣ መሪጌታ እስከ ወንዙ ሸኝተውኝ ተመለስኩ። መመለሻው ያው መንገድ ነበር፤ በኬላው ያው ሰው «ስንት ቆጠርክ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ጎሬ እንደገባሁ ደብተሩን ለአለቃዬ ሰጠሁ። «ዋናውስ?» አሉ። «በበሽታዬ ጊዜ ጠፍቷል፤ ይህን ከትዝታዬ ነው የጻፍኩት» አልኩ። ያላየሁትን አልናገርም ስል ቆይቼ የዋሸሁት በዚህ ነው። አለቃዬ የተጻፈውን ገጽ በገጽ አነበቡ፤ እንዲህ ያለ ትዝታ እንደሌለ ያውቃሉ። ምንም ሳይሉ ካርታቸውን ዘረጉ። ትራክተሩ ከመንገዱ እኩሌታውን ብቻ አረሰ። እኩሌታው ለምን እንደቀረ፣ በደብተሩ ይሁን ነዳጅ ስላለቀ፣ ማንም አልነገረኝም። ዝናቡ ሲጀምር እመት መጣች፤ የታረሰው አፈር ጫፍ ቆማ ረጅም ጊዜ በኩምቢዋ አሸተተችው፤ ከዚያ ቤተሰቧን ይዛ በቀረው በኩል ዞራ ተሻገረች።

ያን ክረምት በየሰፈራ መንደሩ እየዞርኩ ሞላን ጠየቅሁ። አራተኛው መንደር ላይ አንድ ቀጭን ሰው በቆሎ ሲኮተኩት «እኔ ነኝ» አለኝ። ይታይሽ ትጠብቅሃለች ስለው ዶማውን ጣለው።

«ይታይሽ ሞታለች» አለ። «ኋላ የመጡት ሰዎች ነገሩኝ። አልቅሼ ጨርሻለሁ።»

«እኔ በዐይኔ አይቻታለሁ፤ ጉልበቴን ስማኛለች።»

መሬት ላይ ተቀመጠ። ከጎጆው ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት ወጥታ «ማነው?» አለችው። ወደ እኔ ዞሮ «ይታይሽን ምን ልበላት?» አለኝ። ወረቀት አወጣሁ፤ እሱ መጻፍ አይችልም። «አንተ ያየኸውን ጻፍ» አለኝ።

መሪጌታ እንዲያነቡላት በላክሁት ደብዳቤ ላይ የጻፍኩት ይህን ነው፦ «ይታይሽ ሆይ፣ ሞላን አየሁት። በሕይወት አለ። ሞተሻል ብለውት ነበር። ሌላ ሚስት አግብቷል፤ አንዲት ሴት ልጅ አለችው። ልጂቱን ይታይሽ ብሎ ነው የሚጠራት።»